ከጫት ጋር ብቻ

ሐረር ውስጥ አጫሽ የለም። እኔን ካላመናችሁ አጫሾቹን ጠይቁ። ፈረስ መጋላ ባጃጁን አቁሞ ንያላውን የሚያቦነውን ልጅ «ታጨሳለህ እንዴ?» በሉት። ጭሱን በአፍንጫው እየለቀቀ «ኧረ አቦ! እኔ? ከጫት ጋር ብቻ ነው!» ይላችኋል። አጠገቡ የቆመው «ጨብሲ ላይ ብቻ» ነው። ሦስተኛው በሕይወቱ ሲጃራ ገዝቶ አያውቅም፤ የሚያጨሰው የሰው ነው፤ ስለዚህ አጫሹ የገዛው ሰውዬ ነው። መኪና ግርግር፣ ከስፌት መኪናው ቀና ብሎ የሚለኩሰው ልብስ ሰፊ ደግሞ ለወገቡ ነው። አንድ ወዳጄማ ጭራሽ አያጨስም፤ «ያዝልኝ» ተብሎ የተሰጠው እንዳይጠፋ ብቻ አልፎ አልፎ ሳብ ያደርገዋል።

እኔም ለረጅም ጊዜ ከእነዚህ የማያጨሱ አጫሾች አንዱ ነበርኩ። የራሴ መተዳደሪያ ደንብ ነበረኝ። አንቀጽ አንድ፦ በርጫ ላይ ብቻ። አንቀጽ ሁለት፦ ከአሥር ሰዓት በፊት ክልክል ነው። አንቀጽ ሦስት፦ በፍሬ እንጂ በፓኮ አይገዛም። አንቀጽ አራት፦ ቤት ውስጥ ፈጽሞ። ደንቡ እንደማንኛውም ደንብ በየጊዜው ይሻሻላል። ከድሬዳዋ እንግዳ ከመጣ አንቀጽ ሁለት ለዕለቱ ይታገዳል። ለቅሶ ቤት፣ የኳስ ማታ፣ ውሃ የጠፋ ዕለት ልዩ ድንጋጌ አላቸው። ሐረር ላይ ውሃ ስንቴ እንደሚጠፋ የሚያውቅ ሰው የዚህን ድንጋጌ ስፋት አይስተውም።

የቆጣሪዎቹ ሒሳብ ግን ከእኛ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ2016 በአገር አቀፍ ደረጃ የተካሄደው የአዋቂዎች የትምባሆ ጥናት፣ ዕድሜው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነው ሕዝብ 5 በመቶው የትምባሆ ተጠቃሚ ነው አለ። የጥናቱ ጥያቄ ብልጥ ነው። «ታጨሳለህ?» ብሎ አይበቃውም፤ «በየቀኑ፣ ከየቀኑ ባነሰ፣ ወይስ ፈጽሞ?» ይላል። ያቺ የመሃሏ እኛን ለመያዝ የተጠመደች ናት። በዚያው ዓመት ጃፓን ቶባኮ ከብሔራዊ የትምባሆ ድርጅት 40 በመቶውን ድርሻ በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ በኋላም ድርሻውን ወደ 71 በመቶ ገደማ አደረሰው። እኛ «አናጨስም» ብለን እየማልን ጃፓኖቹ ያን ሁሉ ገንዘብ ሲያፈሱ፣ መሐላችንን ያመኑት አይመስለኝም።

እርግጥ ነው፣ የሐረር ሲጃራ ብቻውን አይመጣም፤ አጃቢ አለው። ከምሳ በኋላ፣ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ጀማው ነደባው፣ ማለትም የሐረሪ ቤት መደብ ላይ ይሰየማል። ቅጠሉ ከአወዳይ ነው፤ ትኩስ ነው፤ ትኩስ መሆንም አለበት። ካቲኖን የሚባለው ዋናው አነቃቂ ቅጠሉ ሲጠወልግ ስለሚዳከም ነው የጫት መኪኖች ሞት እንደሚያባርራቸው የሚበሩት። አንደኛው ሰዓት የጨዋታ ነው፤ ጀባ ይባላል፣ ይሳቃል፣ የሰው ስም ይነሳል ይጣላል። ሁለተኛው ሰዓት የቁም ነገር ነው፤ የአገሪቱ ችግር በሙሉ ተፈትቶ ያልቃል፤ የሚቀረው አፈጻጸሙ ብቻ ነው። አሥር ሰዓት ላይ ግን ምርቃናው ይገባና ሁሉም ዝም ብሎ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ሙዳዮች ማየት ይጀምራል። ያኔ ከማዕዘን አንድ ድምፅ፣ «ሲጃራ የለም?» ይላል። ጥያቄው ለማንም አልተጠየቀም፤ ነገር ግን ሁሉም ኪሱን ይዳብሳል።

ሐኪሞቹ ምክንያቱን ያውቁታል። ኒኮቲን ከተሳበ በኋላ አንጎል ለመድረስ ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ይበቃዋል፤ ደርሶም ዶፓሚን የሚባለውን የደስታ ቅመም ያስለቅቃል። ጫቱ ደግሞ ከሰዓት ጀምሮ በዚያው ጓዳ ሥራ ላይ ነበር። ሁለቱ እዚያ ይገናኛሉ፤ ይዋደዳሉም። ከጊዜ በኋላ አንዱ ሲመጣ ሌላው ሳይጠራ ይከተላል። ስለዚህ «ከጫት ጋር ብቻ» ማለት የሚያስመካ ነገር አይደለም። ሱሱ አድራሻውን እያስመዘገበ ነው።

ይህን ጉዳይ በሁለት ቃል የጨረሱልኝ ጎረቤታችን እማማ ናቸው። ሸዋ በር ላይ ሲጃራዬን ከኋላዬ ልሰውር ስውተረተር አዩኝ።

«አንተ! ማጨስ ጀመርክ?»

«ኧረ እማማ፣ ሱስ እኮ አይደለም። ከጫት ጋር ብቻ ነው።»

«እንዲያ ነው? ጫቱን በስንት ቀንህ ትቅማለህ?»

«በየቀኑ።»

«ተመስገን ነው እንግዲህ፣ ሱስ ካልሆነ!» ብለው ዘንቢላቸውን አንስተው ሄዱ።

ወደ ሲጃራው አገዛዝ እንመለስ። አሥር ሰዓት ላይ ጥያቄው ሲነሳ ልጅ ይላካል። እዚህ ላይ ሕጉን እናስታውስ። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ትምባሆ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው እንዳይሸጥ ይከለክላል። ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቤት ውስጥ ማጨስን ይከለክላል፤ ሺሻንም ይከለክላል። ከፓኮው ፊትና ጀርባ 70 በመቶው በማስጠንቀቂያ ጽሑፍና ሥዕል እንዲሸፈንም ያዛል። የእኛ መልእክተኛ ሦስተኛ ክፍል ነው። «አራት ፍሬ፣ የቀረውን ማስቲካ ግዛበት» ይባላል፤ እሱም ለማስቲካው ሲል እንደ ነፋስ ሄዶ ይመለሳል።

ሥዕሉን በተመለከተ ደግሞ የፍሬ ገዢ ዕድለኛ ነው። ሱቅ በደረቴው ፓኮውን ክዳኑን ቀዶ ሳጥኑ ላይ አስቀምጦታል፤ ለእኛ የሚታየን ተርታውን የቆመው ፊልተር ብቻ ነው። የተበላሸው ሳንባ፣ የታመመው አፍ ሁሉ የተሳለው ለባለ ፓኮው ነው። መንግሥት ዜጋውን ለማስደንገጥ ያን ያህል ደክሞ እኛ ዘንድ የሚደርሰው ነጭ ዱላ ብቻ ነው። ቀረጡም እንዲሁ ነው። በኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በፓኮ 8 ብር ሲጣል፣ ያውም ከ30 በመቶው ሌላ፣ ባለ ፓኮው ጮኸ። ለሃያ ሲካፈል ግን በፍሬ 40 ሳንቲም ነው፤ ለ40 ሳንቲም ደግሞ ማን ሱሱን ይተዋል? ይቅርታ፣ ልማዱን ማለቴ ነው።

«ትንሽ ናት፤ ምን ታደርገኛለች?» የሚለውም ክርክር በፍሬ የሚገዛ ሰው ክርክር ነው። እኔም ብዙ ጊዜ ተከራክሬበታለሁ። እ.ኤ.አ. በ2018 ቢኤምጄ በተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት የወጣ ትልቅ ጥናት ግን ሒሳቡን አበላሸብኝ። በቀን አንድ ብቻ የሚያጨስ ሰው በልብ በሽታ በኩል የሚገጥመው ተጨማሪ አደጋ ሃያ የሚያጨሰው ሰው ከሚገጥመው ግማሽ ገደማ ነው። ማለትም ሲጃራውን በሃያ ስናካፍል አደጋው የተካፈለው በሁለት ብቻ ነው። በጅምላ ዋጋ በችርቻሮ ስንገዛ ከርመናል።

ትምባሆ ለሐረር እንግዳ እንዳልሆነ የሚጠቅስ ሰውም አይጠፋም፤ በርጫ ላይ ታሪክ አዋቂ ሞልቷል። እውነት ነው፤ እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በጥር 1855 ጁገል ገብቶ ዐሥር ቀን ሲቀመጥ ከሊቃውንቱ ጋር ጫት ቅሟል፤ ወጥቶ በጻፈው መጽሐፍም የሐረርን ትምባሆ ፈዛዛ ቢጫ፣ ጣዕሙም መልካም ብሎ መስክሮለታል። «አየህ!» ይላል ባለ ታሪኩ፣ የተመሰገነው እሱ ይመስል። በሰሜን በኩል የነበረውን ግን አያነሳም። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ትምባሆን አጥብቀው ከልክለው የአጫሹን ከንፈር፣ የሱረት ሳቢውን አፍንጫ ያስቆርጡ እንደነበር ይነገራል። እሳቸው ፊት ቆሞ «ጃንሆይ፣ ከጫት ጋር ብቻ ነው» የሚል ጀግና ቢኖር የመጨረሻ ንግግሩ በሆነ ነበር፤ ቢያንስ ጥርት ያለው ንግግሩ።

ጠንካራው መከራከሪያችን ረመዳን ነው። «ሱሰኛ ብሆን ከንጋት እስከ መግሪብ እንዴት ሳላጨስ እውላለሁ?» ይላል ሙስሊሙ ወዳጄ፤ ይህን ሲል ማንም መልስ የለውም። እኛ ክርስቲያኖቹ ይህ ማስረጃ እንኳ የለንም። የእኛ ጾም ቅቤንና ሥጋን ይጠራል እንጂ ንያላን በስም አይጠራም፤ ስለዚህ ሁዳዴን ሙሉ የጾም ሲጃራ እናጨሳለን። የወዳጄን መከራከሪያ ግን ቀረብ ብዬ መረመርኩት። ኒኮቲን በሁለት ሰዓት ውስጥ ከደም ውስጥ ግማሹ ይጠፋል፤ ስለዚህ ቀትር ላይ ያልታየ ቁጣ መግሪብ ሊል ዐሥር ደቂቃ ሲቀረው የሚነሳው ኒኮቲኑ ያን ጊዜ ስላለቀ አይደለም። ጠዋት እንደ መልአክ የነበረው ሰው በዚያች ሰዓት ከራሱ ሰዓት ጋር ይጣላል። ቀኑን ሙሉ የታገሠው መጨረሻው ስለሚታወቅ ነው። ሰው እንደሚያልቅ የሚያውቀውን ነገር ሁሉ ይችላል። ጾም ከነማብቂያው ይመጣል፤ ማቆም ግን አዛን የለውም፤ የሚያስፈራውም ለዚሁ ነው።

ረመዳን ሲያልቅ «እንዲህ እንደጀመርኩት በዚያው ላቁመው» የሚል አይጠፋም። ከዚያ ዒድ ይመጣል። ከዒድ ቀጥሎ ስድስቱ ቀን ይጾምና ሸዋልዒድ ይመጣል፤ ዩኔስኮ በ2023 እ.ኤ.አ. በዓለም የማይዳሰስ ቅርስነት የመዘገበልን በዓል ነው። በዓለም ቅርስ ቀን ማን ሲጃራ ያቆማል? «ከሸዋልዒድ በኋላ» ይባላል። ከሸዋልዒድ በኋላ ሠርግ አለ። ሐረር ላይ ከሠርግ በኋላ ሌላ ሠርግ አለ።

አንድ ቀን ነርስ ወዳጃችን ሱሰኛ መሆን አለመሆናችንን የሚለይ ፈተና ይዞ በርጫው ላይ መጣ። ፋገርስትሮም የተባለ ስዊድናዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ ያወጣው፣ ስድስት ጥያቄ ያለው፣ ከዐሥር የሚታረም ፈተና ነው። ከእንቅልፍህ በነቃህ በስንት ደቂቃ ትለኩሳለህ? ኧረ እኛ አሥር ሰዓት ሳይሆን! በቀን ከዐሥር በላይ ታጨሳለህ? ኧረ ባክህ! ታመህ ተኝተህም ታጨሳለህ? ስንታመም ማን በርጫ ይመጣል? ሁላችንም ዜሮ አገኘን። በሕይወቱ ዜሮ አግኝቶ እንደዚያ የተደሰተ ክፍል አይቼ አላውቅም። እንኳን ደስ ያለን ተባባልንና ለደስታው አንድ አንድ ለኮስን።

ነርሱ ግን ሌላ ወረቀት አወጣ። ይኸኛው ዶክተር ጆሴፍ ዲፍራንዛ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ያዘጋጀው ነው፤ ሐኪሙ አልፎ አልፎ የሚያጨሱ ወጣቶችን ሲከታተል፣ በየቀኑ ማጨስ ከመጀመራቸው በፊትም ሱሱ ሊጀምራቸው እንደሚችል ያየ ሰው ነው። ዐሥር ጥያቄ አለው፤ ስንት እንደምታጨስ ግን አንዱም አይጠይቅም። ለማቆም ሞክረህ አቅቶህ ያውቃል? «አሁን ካላጨስኩ አልሆንም» የምትልበት ሰዓት አለ? ስታጣ ትነጫነጫለህ? ሐሳብህ አልሰበሰብ ይላል? ማጨስ በማይፈቀድበት ቦታ መታገሡ ይከብድሃል? ለአንዷ እንኳ «አዎ» ያለ ሰው ሥልጣኑን በከፊል ለሲጃራው አስረክቧል ይላል። ነደባው ላይ ፀጥ አለ። «ያዝልኝ» ብቻ የሚይዘው ወዳጄ ጭራሽ ሲጃራውን መልሶ ለባለቤቱ ሰጠው።

ዝምታውን የሰበረው የኛው የታሪክ ሰው ነው። ሳውል ሺፍማን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ፣ በቀን ከአምስት ያልበለጠ እያጨሱ ለዓመታት የሚኖሩ፣ ሲያጡም የማይቸገሩ ሰዎች መኖራቸውን በጥናት አሳይቷል አለ። ነርሱም እውነት መሆኑን መሰከረ፤ እንደዚያ ያሉ ሰዎች አሉ። ችግሩ ይህ ሲነገር ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው በሙሉ «እሱ እኔ ነኝ» ማለቱ ነበር። ከመካከላችን አንዱ እውነተኛው ቢሆን እንኳ ማን መሆኑን በወረቀት መለየት አይቻልም። የሚለየው ሲያጣ ነው። ለማጣት ደግሞ ማንም ፈቃደኛ አልነበረም።

ያኔ የገባኝ ነገር ይህ ነው። «ሱሰኛ ነኝ ወይስ አይደለሁም?» የሚለው ጥያቄ የምርመራ ይመስላል እንጂ የቀጠሮ ጥያቄ ነው። ባሰብኩት፣ ባጠናሁትና በተከራከርኩበት ጊዜ ሁሉ እያጨስኩ ነበር። ለመወሰን በቂ መረጃ እስኪሰበሰብ ድረስ ይጨሳል፤ መረጃው ግን ከማጨስ አይገኝም። ሰው ሽሮ በሳምንት ስንቴ እንደሚበላ ደንብ አያወጣም፤ ሽሮ ሲያጣም ጠረጴዛ አያንኳኳም። እኔ ባለ አራት አንቀጽ ደንብ ያወጣሁለት ነገር ምን እንደሆነ ከነርሱ በፊት ማወቅ ነበረብኝ።

ስለዚህ አቆምኩ። የሰውነቱ ነገር የተባለውን ያህል ነበር፦ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ይከፋሉ፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይለዝባል። አስቸጋሪው እጅ ነው። አሥር ሰዓት ሲሆን እጄ ራሱ ተነስቶ ኪሴን ይፈልጋል፤ ምንም ሲያጣ ስልክ ይዞ ይመለሳል። ምክር ደግሞ እንደ ጉድ ዘነበ። አንዱ ቅርንፉድ አኝክ አለኝ፤ አንዱ ለውዝ፤ አንዱ ማስቲካ፤ አንዱ ከልቡ አዝኖልኝ «ሲጃራውን ተውና ሺሻ ጀምር፤ ውሃ ያጣራዋል» አለኝ። የአንድ ሰዓት ሺሻ የሚያስገባው ጭስ በመጠኑ የአንድ ሲጃራን ከመቶ እጥፍ በላይ ሊሆን እንደሚችል የዓለም ጤና ድርጅት ማስጠንቀቁን ብነግረው፣ «ውሃውን ማን ቆጠረው?» አለኝ።

ከሁሉ የገረመኝ የጀማው ነገር ነው። ማጨስ ስጀምር «ምን ነካህ?» ያለኝ ሰው አልነበረም። ሳቆም ግን መርማሪ በዛ። «ታመሃል እንዴ? ሐኪም ምን አለህ? ደብቀህ ነው?» «ልታገባ ነው?» «ጴንጤ ሆንክ?» ጤነኛ መሆኔን፣ ሠርግም እንደሌለኝ፣ ሃይማኖቴም እንዳለ መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ «ታዲያ ለምን?» አሉኝ፤ በሐዘን። የአንድ ሰው ማቆም ለሌላው ወቀሳ ይመስለዋል። ለማጽናናትም «ጀባ!» ብለው ፍሬ ይዘረጋሉ። የሐረር ሰው ደግነት እዚህ ላይ ከባድ ነው፤ ሲጃራ መተው ይቻላል፣ የተዘረጋ እጅ መመለስ ግን ነውር ነው። በመጨረሻ ከበር አጠገብ ያለችውን ቦታ ይዤ፣ ዘጠኝ ተኩል ላይ «ሰው ቀጥሮኛል» እያልኩ መውጣት ጀመርኩ። ጁገልን በእግሬ እዞር ነበር። ግንቡን ዞሬ ስመለስ የአሥር ሰዓቷ አምሮት ያለ እኔ መጥታ ያለ እኔ ሄዳለች። አምሮት ጥቂት ደቂቃ ብቻ እንደምትቆይ፣ የሚያስረዝማት የእኛ ክርክር እንደሆነ ያወቅኩት በእግር ነው።

ነርሱ «ጫቱስ?» ብሎ ጠይቆኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በጥናት ላይ ነው። ጥናቱም አስቀድሜ እንዳስረዳሁት በቅጡ እየተካሄደ ነው።

እስካሁን «እኔ ግን ሱሰኛ አይደለሁም» እያለ ያነበበ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ክርክር የለኝም፤ ሊሆን ይችላል። ማወቅ ከፈለገ ወረቀትም ነርስም አያስፈልገውም። አንድ ሳምንት፣ በዚያችው ሰዓት፣ በዚያው ጀማ መሃል፣ ሳይለኩስ ይቀመጥ። ካልከበደው እውነትም ሱሰኛ አይደለም፤ እንግዲያስ መልሶ የሚለኩስበት ምክንያት የለውም። ከከበደው ደግሞ ክፉውን ሳምንት ሳያስበው አልፎታልና የጀመረውን ይጨርስ።